ማሩ ስኳር የሆነ ዕለት

ከሁሉ በፊት ማንነቴን ልናገር፤ ማንነቱን ያላስታወቀ ሰው ነገሩ አይደመጥምና። እኔ ጠበቃ ደምሌ ነኝ። ከላሊበላ እስከ ሙጃ፣ ከሙጃ እስከ ፍላቂት፣ ሰው መታህ፣ አጥር አፈረስህ፣ ያለ ፈቃድ ነገድህ ተብሎ የተያዘ ሰው ሲኖር ዘመዶቹ መጀመሪያ ስንቅ ይልኩለታል፤ ቀጥለው እኔን ይልኩለታል። ስንቁን ረስተው እኔን ያስቀደሙም ነበሩ። በወንጀልና በንግድ ቁጥጥር ክስ በከተማችን የሚስተካከለኝ አልነበረም ብል ማጋነን አይደለም። ጠበቆቹ ሁለት ነበርን፤ አንደኛው የመሬት ነገር ብቻ ነበር የሚይዘው፤ ሌላው እኔ ነኝ።

ሕግ ያስተማረኝ ሰው የለም። ይህን የምለው በኩራት ነው። ንባብ የተማርኩት ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዳዊት ደግሜ ሳበቃ በፍርድ ቤት ተላላኪነት ተቀጠርኩ። ሥራዬ መዝገብ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ማድረስ ነበር። በክፍሎቹ መካከል ያለው መንገድ አርባ እርምጃ አይሞላም፤ እኔ ግን እያነበብኩ ስለምሄድ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። አለቃዬ እግሬን ያመመኝ መስሎት አዝኖ ወንበር ሰጠኝ፤ ወንበሩ ላይ ደግሞ ይብሱን አነበብኩ። የወንጀል ሕጉን መጽሐፍ ያገኘሁት ከቅዳሜ ገበያ፣ በርበሬ ከምትሸጥ ሴትዮ ዘንድ ነው። እየገነጠለች በርበሬ ትጠቀልልበት ነበር። እኔ ስደርስ አሥራ ስድስት ገጽ ከደንበኞቿ ጋር ሄዷል፤ የቀረውን በአንድ ቁና ገብስ ለወጥኳት። ከገጽ አሥራ ሰባት ጀምሮ ያለውን በቃሌ ያዝኩት። የመጀመሪያዎቹን አሥራ ስድስት ገጾች ያነበበ ሰው ሞልቷል፤ መጽሐፍ የጀመረ ሁሉ እነሱን ያነባልና። እስከ መጨረሻው የዘለቀ ግን ከራሴ በቀር አላየሁም።

ከተላላኪነቱ ወጥቼ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከወይራው ሥር፣ ጠረጴዛና ጥቁር ጃንጥላ ይዤ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆንኩ። ያን ጊዜ ሻይ በስሙኒ ነው፤ ስኳሩን እንደፈለግህ ትጨምራለህ፤ የሻይ ቤቱ ባለቤት እያየህ ብትጨምርም አይቆጣም። ማመልከቻ በአንድ ብር እጽፋለሁ፤ "ከፍተኛ በደል" የሚል ቃል ይግባልኝ ያለ አንድ ከሃምሳ ይከፍላል። ከጥጉ ማዶ አንድ ካሴት ቤት ነበረ፤ ጠዋት አምባሰል፣ ከሰዓት ባቲ ያሰማል። አምባሰል ሲዘፈን የጻፍኩት ማመልከቻ ዳኛ ያስለቅሳል ይባል ስለነበር ሰዎች ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው ይጠብቁኝ ነበር። ልብሴ ከወልድያ የገዛሁት ሰልባጅ ኮት ነው፤ ከሰል የመሰለ ጥቁር፣ ትከሻው የቆመ፣ በውስጡ የቀድሞ ባለቤቱ ስም በባዕድ ፊደል የተሰፋበት። ስሙ የአንድ ታላቅ ዳኛ ነው ብዬ ለሰው እነግር ነበር። አለመሆኑን ያስረዳ ሰው እስካሁን የለም። በልምድ ጥብቅና ለሚቆሙ ሰዎች ፈተና ሲመጣ ያንን ኮት ለብሼ ተፈተንኩ፤ አለፍኩ፤ ፈቃድ ተሰጠኝ። ባለቤቴ አልጋነሽ የፈቃዱን ወረቀት ገልብጣ ገልብጣ አየችና፣ "ታዲያ አሁን ዝም የምትለው መቼ ነው?" አለችኝ።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ያለፈው ቅዳሜ ነው። ዛሬ ጉልበቴ ደክሟል፤ ገበያ የምወጣው በከዘራ ነው። አሁን ያሉት ጠበቆች ልጆች ናቸው፤ ላፕቶፕ ተሸክመው፣ ሕጉን በስልክ እየፈለጉ ይከራከራሉ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ክርክሩም ይጠፋል። እኔ ይህን በሆዴ እያልኩ ከማር ተራው ስደርስ አንዲት ሴት የባልዲ ክዳን ከፈተች። ነጭ ማር ነው፤ እንደ ቅቤ የረጋ። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ከዘራዬን ተደግፌ ቆምኩ። ባልዲዋን ከፍታ ትጠብቀኝ የነበረችው ሴት ማን እንደሆነች መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ገበያውን ትቼ በስተኋላ ብዙ ዓመት ሄጄ፣ ከወይዘሮ የሻረግ ጎን ችሎት ላይ ቆሜ ነበር።

ወይዘሮ የሻረግ ከከተማው ወረድ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ የምትኖር፣ ባሏ ሲሞት አሥራ አንድ ቀፎ የወረሰች ሴት ናት። ማሯን በኅዳር ትቆርጣለች፤ ከገበያው አፋፍ ባለች አንዲት ክፍል ሱቅ ለገና ተሳላሚ ትሸጣለች። ዓመቱን ሙሉ የምትኖረው በዚያች በአንድ ወር ሽያጭ ነው። በዚያ ዓመት ብርዱ በረታ፤ ማሩ ገና በኅዳር ማለቂያ ነጭ ሆኖ ረጋ። ታኅሣሥ እንደገባ አንድ አዲስ የንግድ ተቆጣጣሪ ከቆላ አገር ተዛውሮ መጣ። በአገሩ ማር ቀይና ፈሳሽ ነው። የየሻረግን ማር በማንኪያ ቢገፋው አልገፋ አለ፤ ቢያየው ፍሬ ፍሬ ይላል። ወዲያው ሱቋን አሸገ፤ "ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ ለሕዝብ በመሸጥ" ተብሎ ክስ ተመሠረተባት።

ክሱ ብቻ ቢሆን በግማሽ ቀን እጨርሰው ነበር። ያስቸገረኝ ለፖሊስ የሰጠችው ቃል ነው። ቃሉን የተቀበለው መርማሪም የሩቅ አገር ልጅ ነው። "ማርሽ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ነጭ የሆነው?" ብሎ ጠይቋታል። እሷም እንደ አገሯ፣ "ምን ይሆናል፣ በብርዱ ስኳር ሆነ እንጂ" ብላዋለች። በእኛ አገር ማር ሲረጋ ስኳር ሆነ ነው የሚባለው። መርማሪው የጻፈው ግን፣ "ማሩ ስኳር መሆኑን በራሴ ፈቃድ አምኛለሁ" የሚል ነው። ከሥሩ የአውራ ጣቷ አሻራ፣ ሰማያዊ፣ ጥርት ያለ።

ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ ወረቀቱን አስነበበችኝ።

"አያ ደምሌ፣ ምን ይላል?" አለችኝ።

"ስኳር ነው ብለሽ አምነሻል ይላል።"

"አዎ ብያለሁ። ሆኗል እኮ።"

"የሻረግ፣ ይህን ቃል ከእንግዲህ እንዳትደግሚው።"

"ታዲያ ምን ልበል? ድንጋይ ሆነ ልበል?"

"ምንም አትበይ። እኔ አለሁ።"

የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች። "እስሩንስ እችለዋለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ሦስት ወር ብታሰር ቀፎውን ጉንዳን ይበላዋል፤ እሱንም እግዜር ያውቃል። ግን ከእስር ስወጣ 'የየሻረግ ማር ስኳር ነው' የሚሉኝን የት እገባለሁ? ባሌ ቀፎውን ሲሰጠኝ ስሙንም አብሮ ነው የሰጠኝ።" በዚያች ቀን ክሱን እንደማሸንፍ በወይራው ፊት ማልኩ። በምን እንደማሸንፈው ግን አላወቅሁም ነበር። ይህን ዛሬ ነው የምናገረው።

ቀጠሮው ከገና በፊት የመጨረሻው ነበር። ዕለቱ ካለፈ ቀጣዩ ለጥር ነው፤ ተሳላሚው መጥቶ፣ የገናን ዝማሬ ቤዛ ኩሉን ሰምቶ፣ ያለ ማር ወደ አገሩ ይመለሳል። ገና ሦስት ሰዓት ሳይሆን ችሎቱ ሞላ። ኤግዚቢቱ፣ ማለት የማሩ ማሰሮ፣ ከዳኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ዐቃቤ ሕጉ አዲስ ሱፍ የለበሰ ልጅ እግር ነው፤ ከደሴ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ተነሥቶ ቃሏን አነበበና ተቀመጠ። ሌላ ምንም አላለም። ባለሙያ ጠበቃ የሚፈራው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

እኔ ተነሣሁ። በቃሌ ከያዝኩት ሕግ አንድ አንቀጽ ከነቁጥሩ አወረድኩ። ድምፄ ያን ጊዜ እንደ ነጋሪት ነበር፤ ውጭ ያሉ በቅሎዎች ጆሯቸውን ያቆሙ ነበር ይባላል። ዐቃቤ ሕጉ እጁን አወጣና፣ "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጠበቃው የጠቀሱት ሕግ ተሽሯል። በሌላ ከተተካ ቆይቷል" አለ።

እኔ አልደነገጥኩም። "ሕጉ ተሽሮ ይሆናል፤ ሐሳቡ ግን አልተሻረም" አልኩ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ "ይበል" አሉ። ዳኛው፣ ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ "ጠበቃ፣ ወደ ነገሩ ይግቡ" አሉኝ።

ወደ ነገሩ ገባሁ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ አንድ መንገደኛ 'ከድካም የተነሣ እግሬ ድንጋይ ሆነ' ቢል ቤት ይሠሩበታል? አንዲት እናት 'ልቤ ውሃ ሆነ' ብትል በእንስራ ይቀዱታል? ደንበኛዬም ማሬ ስኳር ሆነ ስትል ረጋ ማለቷ ነው። የአገሩ ቋንቋ ነው።"

"ጥሩ" አሉ ዳኛው። "ቋንቋው ይገባኛል። ግን በማሰሮው ውስጥ ያለው ማር ይሁን ስኳር በቋንቋ አይታወቅም። ምን ማስረጃ አለዎት?"

"ይቀመስ" አልኩ። "ምላስ አይዋሽም።"

ይህን ስል ችሎቱ እርስ በርሱ ተያየ። እኔም ቃሉ ገና አፌ ውስጥ እንዳለ ትዝ አለኝ። ጾመ ነቢያት ነው። ሰዓቱ ገና አራት ሰዓት አልሞላም። በላሊበላ፣ የገና ጾም ሳይፈታ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ማንኪያ ወደ አፉ የሚያስጠጋ ማን ነው? ዳኛው ጾመኛ፣ ዐቃቤ ሕጉ ጾመኛ፣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ጾመኛ፣ ፖሊሱ ጾመኛ። ተቆጣጣሪው ራሱ ጾመኛ ሆኖ ከንፈሩ ደርቋል። እኔም ብሆን ማለዳ ኪዳን አድርሼ ነው የመጣሁት።

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆይልን" አልኩ።

"ከሰዓት ከሙጃ የመጡ የነፍስ ግድያ ምስክሮች አሉብኝ" አሉ ዳኛው። "አሁን ካልሆነ በጥር ነው።"

የሻረግን ዘወር ብዬ አየኋት። "በጥር" የሚለውን ስትሰማ ዓይኗን ማሰሮዋ ላይ ተከለች። እኔ ያን ጊዜ ዓይኔን በችሎቱ ላይ አዞርኩ፤ አንድ ያልጾመ ሰው እየፈለግሁ። ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ነጭ ቆብ አየሁ። ከቆቡ ሥር ሐጂ እንድሪስን አየሁ። ባላየሁት ብዬ ተመኘሁ።

ሐጂ እንድሪስ ከመኪና መንገዱ ዳር ካለች ከተማ እየተመላለሱ የላስታን ማር ሠላሳ ዓመት የገዙ ነጋዴ ናቸው። ማሩን ገና ሲያሸቱት የየትኛው ሸንተረር እንደሆነ ይናገራሉ። በዚያን ቀን በራሳቸው የአጥር ጉዳይ ቀጠሮ ነበራቸው። ረመዳን ደግሞ አልነበረም። ከእሳቸው የተሻለ ምስክር ከወልድያ እስከ ሰቆጣ ቢፈለግ አይገኝም። ችግሩ በእኔና በእሳቸው መካከል ነው። ከዚያ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ገበሬ ሚዛናቸውን ተጠራጥሮ ከሷቸው፣ ጠበቃው እኔ ነበርኩ። እውነት ነው፣ የሚዛኑ አንድ ሰንሰለት ተበጥሶ በገመድ ታስሮ ነበር። እኔ በዚያው ረትቻቸው ማብቃት ስችል፣ የድል ነገር አያስችልምና፣ በዚሁ ችሎት ፊት ቆሜ እንዲህ ብዬ ነበር፦

"ማር ነው ሲያወራ፣
ሚዛኑ ሰባራ።"

ግጥሙ በሳምንት ውስጥ ገበያውን አዳረሰ። ሕፃን ሳይቀር ሐጂን ሲያይ "ሰባራ" ይላል። ከዚያ በኋላ በመንገድ ስንገናኝ ሰላምታዬን እንደ ጎዶሎ ማር ነበር የሚመልሱልኝ፤ ሳይቀበሉ።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሩብ ሰዓት ይሰጠኝ፤ የሙያ ምስክር አቀርባለሁ" አልኩ። ተሰጠኝ።

ሐጂን ከችሎቱ ወጥተው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ዙሪያዬን ባይ ግቢው ተጠርጓል፤ ያለው ድንጋይ አንድ ነው፤ የብረቱን መዝጊያ ነፋስ እንዳይዘጋው የሚደገፍበት። ትልቅ ነው፤ ሁለት ዘበኞች ነበሩ የሚያነሡት። እኔ ብቻዬን አነሣሁት፤ ኮቴን እንደለበስኩ ትከሻዬ ላይ አደረግሁት። በሩ ከኋላዬ ጓ ብሎ ተዘጋ። ከሙጃ የመጡት ምስክሮች ውጭ ቀርተው መዝጊያውን ይደበድቡ ጀመር።

ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ። "ምንድን ነው እሱ?"

"ሐጂ፣ ዐውፍ በሉኝ። አጥፍቻለሁ።"

"ድንጋዩን ልትመዝነው ከሆነ ሚዛኔ ተሰብሯል።"

"ስለሱ ነው የመጣሁት። ምላሴ ነው የሳተው። ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበርኩ።"

"አርባ ዓመት አልፎህ ነበር።"

"ለጠበቃ አርባ ልጅነት ነው።" ድንጋዩ አንገቴን እየቆረጠኝ ነበር። ያም ሆኖ የተማርኩትን፣ የሠራሁትን፣ ስንቱን ነፃ እንዳወጣሁና እንዲህ ያለ ሰው ጎንበስ ማለቱ ምን ያህል እንደሚከብድ በዝርዝር አስረዳኋቸው። ሐጂ እስክጨርስ ጠበቁ። ቀጥለው እንዲህ አሉ፦

"አስቀምጠው፤ ወገብህ ይሰበርና ደግሞ በኔ ታሳብባለህ። ይቅር እልሃለሁ፤ ግን የሰደብከኝ በአደባባይ ነው። ግጥሙን በተናገርክበት ችሎት ትመልሰዋለህ። በግጥም የሄደ በግጥም ይመጣል።"

"እሺ" አልኩ። ለመቅመስ ይምጡልኝ ሳልላቸው ሰዓቱ አለቀና ተጠራን።

ምስክሬ ሐጂ እንድሪስ ናቸው አልኩ፤ እሳቸውም ቀረቡ። ዳኛው አስማሏቸው፤ በቁርኣን። እንደ ደንቡም ጠየቁ፦ "ከተከሳሽ ወይም ከጠበቃዋ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ አለዎት?"

"ከሴትዮዋ የለኝም። ከጠበቃዋ ጋር ጠብ አለን።"

ችሎቱ ሳቀ። ዐቃቤ ሕጉ ብድግ ብሎ፣ "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተቃውሞ አለኝ። ጠበቃው ይህንኑ ምስክር ግቢ ውስጥ ድንጋይ ተሸክመው ሲለምኑት በመስኮት አይቻለሁ" አለ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። "ምን ብሎ ነው የለመነዎት?"

"ይቅር በለኝ ብሎ ነው።"

"ስለ ማሩስ ምን ነገረዎት?"

"ስለ ማር አንድ ቃል አልተናገረም" አሉ ሐጂ። "ስለ ራሱ ሲናገር ጊዜው አለቀበት።"

ይህን አስቀድሜ ያሰብኩበት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ክጄ አላውቅም። ተቃውሞው ወደቀ። ሐጂ ወደ ማሰሮው ቀረቡ፤ አሸተቱ፤ በማንኪያ ጫፍ ወስደው ምላሳቸው ላይ አኖሩና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሦስት መቶ ሰው ጾመኛ የእሳቸውን አፍ ያያል። የአንድ ሰው ጉሮሮ ሲውጥ እንዲያ ሲሰማ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም።

"የመንተሴ አበባ ነው" አሉ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ። "ቀፎው ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሯል። ሴትዮዋ ስትቆርጥ ጭስ ቆጥባለች፤ እጇ ጥሩ ነው። ስኳር የለውም።"

"እንዴት ያውቃሉ?" አለ ዐቃቤ ሕጉ።

"አንተ የእናትህን ድምፅ እንዴት ታውቃለህ ልጄ?"

"እሱ የእርስዎ ምላስ ነው። ፍርድ ቤቱ በእርስዎ ምላስ እንዴት ይፈርዳል?"

ሐጂ ዞር ብለው አዩት። "በጣት ይፍረድ" አሉ። "ጣት አይጾምም። ሻይ ቤት ልካችሁ ስኳር አስመጡ።"

ስኳር በሲኒ መጣ። ሐጂ ዳኛውን በቀኝ ጣቶችዎ ስኳር፣ በግራዎ ማር ይያዙና ይሹት አሏቸው። ስኳሩ እንደ አሸዋ ተንኮሻኮሸ፤ አልሟሟም አለ። ማሩ በጣት ሙቀት ቀስ እያለ ሟሟ፤ ዘይት ሆነ። ዳኛው ደጋግመው አሹት። ከዚያ፣ "ዐቃቤ ሕግም ይሹት" አሉ። እሱም አሸ። ተቆጣጣሪው አሸ። መዝገብ ቤቷ አሸች። ፖሊሱ፣ ማንም ሳያዘው፣ አሸ። ሁሉም ካሹ በኋላ ነው ጉዱ የመጣው፤ ጣት መላስ አይቻልም። ዳኛው ሁለት ጣታቸውን እንደሚባርክ ጳጳስ ወደ ላይ ይዘው ቀሩ። መዝገብ ቤቷ እስክሪብቶ መያዝ አቃታት። ዐቃቤ ሕጉ አዲሱን ሱፉን እንዳይነካ እጁን ከአካሉ አርቆ፣ ክንፉን እንደዘረጋ ዶሮ ቆመ። ተቆጣጣሪው ጣቱን እያየ ብዙ ቆየና፣ "በእኛ አገር አይረጋም ነበር" አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሱ።

"የመጨረሻ ንግግር ካለዎት" አሉኝ ዳኛው። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ፤ ጠበቁ። በሕይወቴ ብዙ ተናግሬያለሁ፤ ያን ቀን ያህል የከበደኝ የለም። የገዛ ግጥሜን፣ ያውም እንዲያ የተወደደ፣ በገዛ አፌ ልሽር ነው።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ በዚህ ችሎት ፊት አንድ ጊዜ የተናገርኩትን አነሣለሁ" አልኩ።

"ሚዛን ብረት ነው፣ ይሰበራል፤
የሐጂ ምላስ እውነት ይሰፍራል።"

"ጠበቃ፣ ይህ ለጉዳዩ ምን ይጠቅማል?" አሉ ዳኛው።

"ለጉዳዩ አይጠቅምም። ለእኔ ነው።"

ዳኛው ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም። ቃሉ የአገር አነጋገር መሆኑ ተረጋግጧል፣ ማሩም ማር ነው ብለው የሻረግን በነፃ አሰናበቷት፤ ሱቋም እንዲከፈት አዘዙ። ፍርዱን የፈረሙት በተጣበቀ ጣት ስለሆነ የዚያ መዝገብ ሁለት ገጾች እስከ ዛሬ አልተላቀቁም ይባላል። በመካከላቸው ያለው የእኔ ክርክር ነው፤ ለትውልድ እንዲህ ታሽጎ ተቀምጧል። የሻረግ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ የማሰሮዋን አፍ በነጠላዋ ጠረገችና አቅፋ ወጣች። ከደጅ ስደርስ፣ "አያ ደምሌ፣ አሁን ልበለው?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ስኳር ሆነ።"

"በይው" አልኳት። እሷም ግቢው መሐል ቆማ ሦስት ጊዜ አለችው፤ ሰዎች ከብበዋት ይስቃሉ፤ እሷ ታለቅሳለች።

ሐጂ ከአጠገቤ ሆነው ይህን ሲያዩ ቆዩና፣ "ደምሌ" አሉኝ።

"አቤት ሐጂ።"

"አዲሱ ግጥምህ ጥሩ ነው። አሁንም ግን ሚዛኔን ሰብረኸዋል።"

አሰብኩት። እውነታቸውን ነበር። "ለቤት መምቻው ስል ነው" አልኳቸው። ሐጂ ከዚያ በፊት ፊት ለፊቴ ስቀው አያውቁም ነበር።

ያለፈው ቅዳሜ ባልዲዋን የከፈተችልኝ የሐጂ ልጅ ዘሃራ ናት። ሐጂ ካረፉ ቆይተዋል፤ ሚዛናቸውን ግን ይዛዋለች፤ ሰንሰለቱ አዲስ ነው። ግማሽ ኪሎ መዘነችልኝ፤ ሚዛኑ ቀጥ አለ። ከዚያ አንድ ማንኪያ ሙሉ ከላይ ጨመረች። ሚዛኑ ወደ እኔ አጋደለ።

"ይኼ ምንድን ነው?" አልኳት።

"የአባቴ ነው" አለች። "ጠበቃው ሲመጣ ጨምሪለት፣ አለዚያ ግጥም ይገጥማል ብሎኛል።"

ማሩን ይዤ ቀስ እያልኩ በፍርድ ቤቱ በኩል ወረድኩ። ወይራው አለ። ካሴት ቤቱ የስልክ መጠገኛ ሆኗል። እኔም ያደረግሁትን በልቤ ቆጠርኩ፤ ማመልከቻ ስጽፍ እንደማደርገው፣ በተራ በተራ። ሕግን ያለ አስተማሪ፣ ያውም ከገጽ አሥራ ሰባት ጀምሮ፣ ተማርኩ። በሰው ኮት ተፈትኜ በራሴ ስም ፈቃድ አወጣሁ። በተሻረ ሕግ ተከራክሬ ባልተሻረ አሸነፍኩ። ጾም ሳላስፈታ ችሎት አስፈረድኩ። የሻረግን ከነስሟ ለገና አደረስኳት፤ ቀፎዋም ከአሥራ አንድ ወደ ሃያ ደርሶ አየሁ። አንድ ክፉ ግጥም ገጠምኩ፤ እሱንም በአደባባይ መለስኩት። ሁለት ሰው የሚያነሣውን የፍርድ ቤቱን ድንጋይ ብቻዬን አነሣሁ። ድንጋዩ ዛሬም በሩን ደግፎ እዚያው አለ። ማጋነን የመሰለው ሰው ሄዶ ያንሣው፤ በሩን ግን አስቀድሞ ሌላ ሰው ይያዝለት።